ከንፈር መርማሪዋ

ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት የሰው ከንፈር የሚመረምር ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። በዓባይ ማዶ ይህ ሹመት የክብርት እትዬ ወለተ ሩፋኤል ነበር። ሰው ሲያገኙ አገጩን ይዘው ወደ ብርሃን ያዞሩታል። ከንፈሩ ዳር ውኃ የቋጠረች ነገር ካዩ አለቀለት። «ምች ነው። ባርኔጣ ሳታደርግ ሐይቁ ዳር ውለሃል፤ እንቅልፍም አልተኛህም» ይሉታል። ልቅሶ ቤት የሚሄዱት የራሳቸውን ኩባያ ይዘው ነው። ቄስ ገብረ ኪዳን መስቀል ሲያሳልሟቸው እንኳ «አባቴ፣ ከእኔ በፊት የተሳለመውን ሰው ከንፈር አይተውታል?» ብለዋል ይባላል።

ጎረቤታቸው ፀሐይወርቅ ባሏን አንዳርጋቸውን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲቀጥረው አብራ ከአሰላ የመጣች ናት። ወንድ ልጅ ከወለደች ወዲህ የእትዬ ምክር አንገሽግሿታል። «ምች የያዘው ሰው እንዳይስመው። ለእኛ ቁስል ነው፤ ለእንዲህ ያለ ጨቅላ ግን ሞት ነው» ይሏታል፣ ጠዋትም ማታም። ድምፃቸውን ስትሰማ የተኛች መምሰል ጀምራ ነበር።

ቀይ ሽብር አበቃ ከተባለ በኋላም ደጅ ሲንኳኳ ሰው ከመክፈቱ በፊት በቀዳዳ የሚያይበት ጊዜ ነበር። በልጁ ክርስትና ቀን ያንኳኳው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሣህሉ ነው። በእሱ ቃል ከዚያው ሰፈር የተወሰዱ ሁለት ሰዎች እስከዚያን ቀን አልተመለሱም። ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ አስከትሎ ገባ፤ በላ፣ ጠጣ። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

«እስኪ ልጁን አምጪው፤ ልሳመው።»

ፀሐይወርቅ ከንፈሩን አየች። ገና ያልፈረጡ ቁስሎች ዳር ዳሩን ይዘውታል። ወደ ባሏ ዞረች፤ አንዳርጋቸው መሬት መሬት ያያል። እንቢ ማለት ፈለገች። ክንዶቿ ግን ልጁን ይዘው በራሳቸው ሲዘረጉ ታወቃት።

ከእንግዶቹ ጋር የተቀመጡት እትዬ ተነሥተው መሐል ገቡ።

«ጓድ ሣህሉ፣ ከንፈርዎን ምች ይዞታል። ሕፃኑን አይሳሙት።»

አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«እኔን ነው?» አለ ጓድ ሣህሉ።

«እርስዎን ነው። ሲሽርልዎ መጥተው ይስሙታል።»

ሊቀመንበሩ ከንፈሩን በጣቱ ነካ፣ ቆቡን አደረገና ወጣ። እንግዶቹም ወጡን ሳይጨርሱ አንድ በአንድ ሹልክ አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ያው አብዮት ጠባቂ መጥቶ እትዬን ይዟቸው ሄደ። ነጠላቸውን እንኳ አስተካክለው አልለበሱም። ፀሐይወርቅ ልጇን ታቅፋ በሩ ላይ ቀረች። በተሽከርካሪ ድምፅ ሁሉ ትደነግጣለች። ከንፈሯን እየነከሰች ዋለች። አንዳርጋቸው «ሄጄ ልጠይቅ?» አለ፤ ጫማውን ግን አላሰረም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እትዬ በእግራቸው መጡ። ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

«ምን አደረጉዎት?» አለች ፀሐይወርቅ።

«ጓድ ሣህሉ መድኃኒት ፈልጎ ነው። ዳማከሴ ጨምቄ ቀባሁለት። ፀሐይ ላይ ባርኔጣህን አታውልቅ፣ በሰው ኩባያ አትጠጣ፣ ተኛ አልሁት። እሱ ግን፣ እንቅልፍ ከየት ይምጣ፣ ከበላይ በጠሩኝ ቁጥር ነው ምቹ የሚወጣብኝ አለኝ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እርሱም ይፈራል፣ ልጄ።»

ፀሐይወርቅ እንባዋ መጣ። ልታቅፋቸው ጎንበስ ስትል እትዬ አገጯን ያዙና ወደ ብርሃኑ አዞሩት። የላይ ከንፈሯ ጥግ ቀልቶ አብጧል።

«ይበላሻል?»

«ከጠዋት ጀምሮ።»

«አልተኛሽም?»

«በእርስዎ ምክንያት።»

እትዬ ልጁን ቀስ ብለው ከክንዷ ተቀበሉ።

«እስኪደርቅ ድረስ ልጁን እንዳትስሚ። ጡት ስታጠቢውም እጅሽን ታጠቢ» አሉና ጉንጫቸውን አዘነበሉላት። «እኔን ግን ሳሚኝ፤ እኔ አርጅቻለሁ።»