እትዬ ደብሪቱና ምራቂ የሌለው አፕ

በየሰፈሩ አንድ ዋጋ የማያምን ሰው አይጠፋም። እኛ «ስንት ነው?» እንላለን፣ እንደነግጣለን፣ ከፍለን እንሄዳለን። እሱ ግን ዋጋ ሲነገረው ጨዋታው ገና የተጀመረ ነው የሚመስለው። በእኛ ሰፈር በወሰን ይህን ሥልጣን ይዘው የሚገኙት ጎረቤቴ ክብርት እትዬ ደብሪቱ ናቸው።

እትዬ ደብሪቱ ሽንኩርት ገዝተው «ምራቂውስ?» ይላሉ። ይሁን፣ ሽንኩርት ምራቂ አለው። ፋርማሲ ገብተው በራስ ምታት ኪኒን ላይ «አንድ መርቂልኝ እንጂ» ሲሉ ግን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ልጅቷ መረቀችላቸው! የታክሲውን ረዳት ደግሞ «መገናኛን ትንሽ አሳልፈህ አውርደኝ» ይሉታል፣ በዚያው ሒሳብ። ያሳልፋቸዋል። እኔ ብለው ኖሮ እዚያው ወሰን ያወርደኝ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. «ለቫይበርና ለኢሞ ተጨማሪ ልትከፍሉ ነው» የሚል ወሬ ሰፈሩን አመሰው። ልጆቻቸው ዐረብ አገር ያሉ እናቶች እንቅልፍ አጡ። እትዬ ደብሪቱ ሱቅ በር ላይ ቆመው ፍርድ ሰጡ፦ «ያን ያህል ገንዘብ አውጥቶ ስልክ ለገዛ ሰው አፑ ምራቂው ነው! ምራቂ ደግሞ አይሸጥም!» ልብ በሉ፣ የራሳቸው ስልክ ባለ ቁልፍ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ ቅዳሜ ኢሞዬ «ካላደስከኝ አልከፈትም» አለኝ። ኔትወርኩ እየተጎተተ አልታደስ አለ። እህቴ መሠረት ቤይሩት ሆስፒታል ተኝታለች። ኦፕራሲዮን ከመግባቷ በፊት በሰው ስልክ፣ በሆስፒታሉ ዋይፋይ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልትደውልልኝ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እግዜር ነው የሚያውቀው። መገናኛ ሄጄ ላሳድሰው ታክሲ ልይዝ ስሮጥ እትዬ ደብሪቱ አዩኝ።

«ባርኮት፣ ምን ሆነሃል? ፊትህ ልክ አይደለም።»

ነገርኳቸው። ቀድመውኝ ታክሲው ውስጥ ገቡ። ወይ ጉዴ!

መገናኛ ሞባይል ቤት ያለው ኢታና ስልኬን አየት አደረገና «ሃያ ብር» አለ። እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ እትዬ ደብሪቱ ክንዴን ያዙኝ።

«አፑ በነጻ አይደል የሚገኘው?»

«ነጻ ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ የምን ሃያ ብር ነው?»

«ለኢንተርኔቱ እኔ እከፍላለሁ። የድካሜም አለ።»

«የምን ድካም? ጣትህን ነው የምታንቀሳቅሰው! የቱ ጋ ነው የሚደክምህ?»

ዘጠኝ ሊሆን ነው። ኢታና ተናዶ ስልኬን መስታወቱ ላይ አስቀመጠው። ከኋላችን የቆሙት ማጉረምረም ጀመሩ። አልቻልኩም፣ ጮህኩባቸው፦ «እትዬ ደብሪቱ! እህቴ እኮ ኦፕራሲዮን ልትገባ ነው! በሃያ ብር ሊገድሉኝ ነው እንዴ?»

«ዝም በል አንተ!» አሉኝና ወደ ኢታና ዞሩ። «ስማ ልጄ፣ ሃያህን ሳትቀንስ ውሰድ። ግን ይሄ ልጅ እዚሁ ቁጭ ብሎ በአንተ ዋይፋይ እህቱን ያነጋግራል። መንገድ ላይ ሆኖ በዚህ ኔትወርክ ቢቆረጥበትስ? መርቅለት።»

እትዬ ደብሪቱ የተጠየቁትን ሳይቀንሱ ሲስማሙ ያየ ሰው በወሰን የለም። እኔ የተማርኩት ሰውዬ ስለ መቆራረጡ አላሰብኩም ነበር። ኢታና የሚቀመጥበትን ዱካ ሳብ አድርጎ ሰጠኝ። አፑ ታድሶ እንደተከፈተ ጠራ።

መሠረት የሆስፒታል ቀሚስ ለብሳለች። ፊቷ ከስቷል። «ባርኮት፣ ፈራሁ» አለች።

ያን ሁሉ ሮጬ መጥቼ፣ የምለው አጣሁ! ወዲያው አንዲት ነርስ መጥታ በዐረብኛ እየተናገረች ስልኩን ልትወስድባት እጇን ዘረጋች።

እትዬ ደብሪቱ ስልኩን ከእጄ መንጭቀው ፊታቸውን ስክሪኑ ላይ ለጠፉት። «የኔ እመቤት! የኔ ቆንጆ! አንቺም እህት ይኖርሻል እኮ፣ ትንሽ ታገሺን፣ ትንሽ ብቻ!» ይሏታል፣ በጥሩ የሸዋ አማርኛ። ዕንባቸው ይወርዳል። ነርሷ ምኑ እንደገባት እንጃ፣ እጇን መለሰችና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«በል እንጂ፣ ተናገር!» ብለው ስልኩን መለሱልኝ።

«እኔም ፈርቻለሁ፣ መሲዬ» አልኳት። «ግን የትም አልሄድም። ስትነቂ መጀመሪያ የምትሰሚው የእኔን ድምፅ ነው።»

ፈገግ አለች። ከዚያ ወሰዷት።

ኢታና እስከ ማታ ከሱቁ አላስወጣንም። ስትነቃም የሰማችው ድምፄን ነው፣ ከኋላዬ እየጮሁ ከሚመርቋት ከእትዬ ደብሪቱ ድምፅ ጋር።

ሰዎች «ከእኚህ ሴትዮ ጋር ገበያ መሄድ አያሳፍርህም ወይ?» ይሉኛል። ዘንድሮ ከማንም ጋር ጠብ አልፈልግም። በእትዬ ደብሪቱ ከመጣችሁ ግን እንጣላለን።