ሲኞር ኤዚዮ ዋና የተማሩት ስንት ጊዜ ነው?

ሰው ተሰብስቦ በሚሄድበት ጉዞ ሁሉ አንድ «እኔ ከዚህ በፊት መጥቻለሁ» ባይ አይጠፋም። ሠላሳ ሰው ጀልባ ላይ ቢሳፈር ሁለቱን ያጥወለውላቸዋል፣ ግማሹ ፎቶ ከማንሳት በቀር ባሕሩን አያየውም፣ አዲስ ተጋቢዎች ካሉ ደግሞ ከእርስ በርሳቸው ሌላ የሚታያቸው ነገር የለም። አንዱ ግን ባሕሩንም ተራራውንም ትቶ የአስጎብኚዋን አፍ ሲጠብቅ ይውላል። ስትሳሳት ፊቱ ይበራል። ሳትሳሳት የቀረች ቀን ከፍሎ የተጭበረበረ ይመስለዋል።

ሚሬላ ከትንሿ የባሕር ከተማ ከካሞሊ ወደብ ተነስቶ ጀምበር ስትጠልቅ በእራት የሚያልቀውን የጀልባ ጉዞ መምራት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። እንዲህ ያለውን ሰው ገና ሳይሳፈር ከአረማመዱ ታውቀዋለች። ብዙ አሳልፋለች፤ ካርታ ይዞ የሚመጣውን፣ የአያቱን ማስታወሻ ደብተር የሚያነብላትን፣ ስለ ዓለት ዓይነቶች የሚከራከራትን ሁሉ ችላ አሳልፋለች። የሁሉም ርእሰ መኳንንት ግን ክቡር ሲኞር ኤዚዮ ራቬራ ናቸው።

ክቡርነታቸው ከተራሮቹ ማዶ ከአርኳታ ናቸው። በዚያች የባቡር መጋጠሚያ ከተማ ሠላሳ ስድስት ዓመት የጣቢያ ሹም ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። በየዓመቱ በመስከረም ሁለተኛው ቅዳሜ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ወደቡ ላይ ይገኛሉ። በዚያ ሁሉ አጭር ሱሪና ነጠላ ጫማ መካከል ሲቆሙ ለቀብር መጥተው አድራሻ የጠፋባቸው ይመስላሉ።

በመጀመሪያው ዓመት ሚሬላ የወደቡን ቤቶች እያሳየች «ያ ብርቱካናማው ቤት የመርከብ ካፒቴን ቤት ነበር» ብላ ድምፅ ማጉያውን ከማውረዷ የሲኞር ኤዚዮ ጣት ብድግ አለ።

«ይቅርታ ሲኞራ። እኔ እንደማስታውሰው ቤቱ አረንጓዴ ነበር።»

«ብርቱካናማ ነው ሲኞር። ይኸው ያዩታል።»

«አሁንማ አዎ። ያኔ ግን አረንጓዴ ነበር። ላይኛው ፎቅ ላይ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ጠዋት ጠዋት ምንጣፍ ታራግፍ ነበር፤ አቧራው ታች ቁርስ የሚበላው ሰው ላይ ይወርዳል፤ በየቀኑ ጠብ ነበር።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ሚሬላም ሥራዋ ስለሆነ ሳቀች። ማታ ቤቷ ገብታ ነገሩን ለእናቷ በንዴት ነገረቻት። ሰማንያ ዓመት ሙሉ ከካሞሊ ወጥታ የማታውቀው እናቷ ባቄላ መፈልፈሏን አቆመች።

«አረንጓዴማ ነበር» አለች። «ምንጣፍ የምታራግፈው ጁዲታ ናት፤ ነፍሷን ይማረው። ማን ነገረሽ?»

የሚሬላ መከራ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ሰውዬው ቢሳሳቱ ኖሮ ቀላል ነበር፤ ፈገግ ብሎ ማለፍ ነው። እሳቸው ግን ልክ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ወደቡ ደረጃ ላይ የሎሚ በረዶ ይሸጥ ስለነበረ አንድ እጅ ስለሌለው ሰው አወሩ፤ እውነት ሆኖ ተገኘ። በሦስተኛው ዓመት ሚሬላ ክረምቱን ሙሉ የከተማውን ታሪክ አንብባ፣ ታጥቃ መጣች። ሲኞር ኤዚዮ አዳመጧት፣ አዳመጧትና በጣም አዘኑላት።

«መጽሐፍ እንዲያ ሊል ይችላል ሲኞራ» አሉ። «እኔ እንደማስታውሰው ግን…»

የጀልባው ካፒቴን ባቺ ብዙ የማያወራ፣ ሲያወራ ግን ሰው የሚያስቀይም ሰው ነው። በአምስተኛው ዓመት መሪውን እንደያዘ ወደ ሚሬላ ጠጋ አለ።

«ስሚ እንጂ፣ ይኼ ሰውዬ ዋና የተማረው ስንት ጊዜ ነው?»

«እንዴት ማለት?»

«አቻምና እናቱ አገጩን ይዛ እዚያ ጠጠሩ ጋ አስተማረችው። አምና አጎቱ ከጀልባ ላይ ወርውሮት በግድ ለመደ። ዛሬ ደግሞ ከዓለቱ ላይ ተወራርዶ ዘሎ ክንዱን ሰብሮ ነው የተማረው። እኔ አንዴ ተምሬ በቃኝ።»

ሚሬላ ከዚያ ወዲህ መቁጠር ጀመረች። እውነትም የሲኞር ኤዚዮ ትዝታ ለአንድ ሰው ዕድሜ የሚበቃ አልነበረም። ባሕሩ ዳር ቤት የነበራቸው ሦስት አያቶች ነበሯቸው። ቢያንስ አራት የጫጉላ ሽርሽር አሳልፈዋል፤ አንዱ ዝናብ ሳያባራ ያለቀ፣ አንዱ ሙሽራዋ ፀሐይ አቃጥሏት በእርጎ ተቀብታ የከረመች። ሚስት ግን ይዘው መጥተው አያውቁም። ደግሞም ጀልባው ሳን ፍሩቱኦዞ በተባለው ጠጠራማ ዳርቻ ለአንድ ሰዓት ሲቆምና ሰው ሁሉ ውሃው ውስጥ ሲገባ፣ ያ ሦስት ጊዜ ዋና የተማሩ ሰው ጠጠሩ ላይ ተቀምጠው የሰው ቦርሳ ይጠብቃሉ። «አይገቡም?» ስትላቸው «እኔ በበቂ ሁኔታ ዋኝቻለሁ» ይሏታል።

«አንድ ቀን እይዛቸዋለሁ» ትል ነበር ሚሬላ ለባቺ። «ሰው ፊት፣ ወይኑ ቀርቦ፣ አንድ በአንድ እዘረዝርላቸዋለሁ።»

ያ ቀን በሰባተኛው ዓመት መጣ። ያመጣችው ግን ሚሬላ አልነበረችም።

ያን ቅዳሜ ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ ነበር። እራቱ እንደ ወትሮው ፑንታ ኪያፓ በተባለው ገደል ጫፍ ላይ፣ ዓለቱን ተደግፎ በተሠራው ምግብ ቤት ሰገነት ነው የቀረበው፤ በበሶብላ የተለወሰ ፓስታ፣ በሎሚ የታጀበ ጥብስ ዓሣ፣ የቀዘቀዘ ነጭ ወይን። ሲኞር ኤዚዮ ከቦሎኛ ከመጡ ሁለት ሙሽሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሙሽሮቹ ደግሞ ጥሩ አድማጮች ነበሩ፤ ከዚያ በላይ ምን ይፈለጋል።

«እኛም የመጣነው በጫጉላችን ነበር» አሉ ክቡርነታቸው ሹካቸውን እንደያዙ። «የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ ወልቆ እዚያ፣ ያ ጥቁሩ ዓለት ጋ ውሃ ውስጥ ገባ። ከንፈሬ ሰማያዊ እስኪሆን ጠለቅሁ። እሷ ዳር ተቀምጣ ‹ተወው፣ አንተ ትበልጥብኛለህ› እያለች ታለቅሳለች።»

ሙሽራዋ የባሏን ክንድ ያዘች። «ተገኘ?»

«በሦስተኛው ቀን አንድ ዓሣ አጥማጅ…»

«ኤዚዮ?» አለ አንድ ድምፅ ከገበታው ጫፍ። «የጣቢያው ኤዚዮ አይደለህም እንዴ?»

ጀልባው ላይ ከኋላ ተቀምጠው የመጡ፣ ቀኑን ሙሉ ከጎናቸው ካለው ሰው ጋር ሲሳሳቁ የዋሉ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ዋንዳ ነኝ እኮ፤ ከትኬት መስኮቱ። ረሳኸኝ?»

ሲኞር ኤዚዮ ሹካቸውን አስቀመጡ።

«የምን ሙሽራ ነው የምሰማው?» አሉ ዋንዳ እየሳቁ። «አንተ መቼ አገባህ? ሐምሌና ነሐሴ አንድ ቀን እንኳ ዕረፍት ወጥተህ የማታውቅ ሰው። ‹እኔ ባሕር ሳላይ ነው የምሞተው› ትለን አልነበር?»

በክፋት አልነበረም የተናገሩት። የድሮ የሥራ ባልደረባ አግኝተው ደስ ብሏቸው ነው፤ ሌላውም አብሯቸው እንዲስቅ ዙሪያውን አዩ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ዋንዳም ቀስ ብለው የገባቸው መሰለ፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ሚሬላ ሰባት ዓመት የተመኘችው ሰዓት ይኸው ደረሰ። ዝርዝሩ ምላሷ ላይ ነው፤ ሦስቱ አያቶች፣ አራቱ ጫጉላዎች፣ እናትየው፣ አጎትየው። ሲኞር ኤዚዮን አየቻቸው። የክራቫታቸውን ቋጠሮ ሳይፈታ ደጋግመው እያጠበቁ ነበር። አንጀቷን በሏት።

«ፓስታው እንዳይቀዘቅዝ» አለች ሚሬላ። የነካው ሰው አልነበረም።

ሙሽራዋ ወደ ሲኞር ኤዚዮ ጎንበስ አለች። «ቀለበቱስ ታዲያ?» አለች በቀስታ።

«ቀለበቱ እውነት ነው ልጄ» አሉ ሲኞር ኤዚዮ። «የእኔ አይደለም እንጂ።»

ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለገበታው ጨርቅ የሚያወሩ ይመስል ነገሩን ተናገሩ። ከባሕሩ ዳር የሚመለሰው የእሑድ ባቡር ፈጣኑን ባቡር ለማሳለፍ አርኳታ ላይ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቆም ነበር። ሰዉ መስኮት ላይ ይወጣል። ፊቱ የቀላ፣ ፀጉሩ በጨው የደረቀ፣ ልጆቹ እንቅልፍ ያዳፋቸው። አሥራ ሁለት ደቂቃ ምን ይሠራበታል? ከታች ከቆመው ሹም ጋር ያወራበታል።

«‹እንዴት ነበር?› እላቸዋለሁ። ያን ብቻ። ይነግሩኛል። አንዱ ልጅ የተሰበረ ክንዱን አሳይቶኛል። ያቺ ሙሽራ ቀለበቷን በመስኮት አውጥታ አስነክታኛለች። ያቺ ወፍራም ሴትዮ ምንጣፏን ስንት ሰው ላይ እንዳራገፈች እኔ ነኝ የማውቀው። ባቡሩ ሲሄድ ከጫማቸው የረገፈው አሸዋ መሳፈሪያው ላይ ይቀራል። የሚጠርግ ሰው ነበረን። አሸዋውን ግን እኔ ነበርኩ የምጠርገው።»

«መንገዱ እኮ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው ኤዚዮ» አሉ ዋንዳ። ድምፃቸው ተለውጧል። «ምነው አንድ ቀን ብትሄድ?»

«በጋ ሲሆን ሥራው ይበዛል፣ ክረምት ሲሆን እናቴ ትታመማለች። በኋላም ጡረታ ወጣሁና ሁለት ዓመት ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ፈራሁ። ያን ያህል ባይሆንስ ብዬ። መጥቼ ሳየው ግን ሁሉም እነሱ ያስቀመጡት ቦታ ላይ ነው። ዓለቱም፣ ደረጃውም። ‹አዲስ ነኝ› ማለት ውሸት ሆነብኝ።» ቀና ብለው ሚሬላን አዩ። «አስቸግሬሻለሁ ሲኞራ። ይቅርታ።»

ሰባት ዓመት «እርስዎ» ሲሏት ኖረው «አንቺ» ያሏት ያን ጊዜ ነው። ዋንዳ ወንበራቸውን ጎትተው መጥተው ከጎናቸው ተቀመጡና ወይን ቀዱላቸው፤ ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞሉት።

ጀምበሯ ወደ ውሃው ቀርባ ሰገነቱ ሁሉ መዳብ መስሏል። ሙሽራዋ በጣቷ ጠቆመች። «ስለዚህችስ ምን አሉዎት?»

ሲኞር ኤዚዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

«ስለሷ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም። እንዴት ብለው ይንገሩኝ? ባቡራቸው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል። በበጋ ጀምበር የምትጠልቀው ከዚያ ሦስት ሰዓት ቆይታ ነው። ያ ሁሉ ሰው አላያትም። ሮጦ፣ ልጁን ጎትቶ፣ እርጥብ ፎጣውን ጠቅልሎ ባቡር ላይ ነው። የከረመውም ያን ሰዓት እራት ያበስላል፣ ልጅ ያጥባል።» ከሞላው ብርጭቆ ፉት አሉ። «ለዚህ ነው የማታውን ጉዞ የምመጣው። እሷን ማንም አልሰጠኝም። ራሴ ያየሁት እሷን ብቻ ነው።»

ከዚያ ወደ ሚሬላ ዞሩ።

«አንቺ ግን አታዪያትም» አሉ።

«እኔ? ሃያ ሁለት ዓመት እዚሁ ነኝ እኮ።»

«ጀርባሽን ሰጥተሽ። ሁልጊዜ ፊትሽ ወደኛ ነው። ሰው ትቆጥሪያለሽ፣ አስተናጋጁን ታጣድፊያለሽ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ ስትዞሪ አላየሁሽም።»

ሚሬላ አይደለም ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ አሰበችው። እናቷ ቤት መስኮቱ ወደ ኮረብታው ነው። ልጅ ሆና ይህ ሰዓት ዕቃ የሚታጠብበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሥራ ነው፤ ሠላሳ ሰው፣ ጀልባ፣ ደረሰኝ፣ የጠፋ ጃኬት። ስንት ሺህ ሰው በዚህች ብርሃን ፊቱ ሲቀላ አይታለች። ብርሃኗን ራሷን ግን በሰው ፊት ላይ ነው የምታውቃት።

እጇ ላይ የነበረውን የስም ዝርዝር ገበታው ላይ አስቀመጠችና ዞረች።

ባሕሩ ጫፍ ድረስ ባዶ ነበር። ጀምበሯ ታችኛው ጠርዟ ውሃውን ነክቶ ተለጥጧል። ከታች ባቺ የጀልባውን ገመድ እንደያዘ ቀና ብሎ አያት፤ የመሄጃ ሰዓት ደርሶ ነበር፣ ግን አልጠራትም። ሚሬላን ያልሄደችበት አገር የናፈቃት መሰላት።

ሲኞር ኤዚዮ ተነስተው አጠገቧ መጥተው ቆሙ።

«ትንሽ ወደ ግራ» አሉ በሹክሹክታ። «እዚያ የዛፉ ቅርንጫፍ ይከልልሻል።»

ሚሬላ ወደ ግራ ተጠጋች። ልክ ነበሩ።