ለጓሮው እባብ የተሰጠ የሦስት ቀን ማስጠንቀቂያ

አስተማሪ የሆነ ሰው ይጠንቀቅ፤ ያስተማረው ነገር አንድ ቀን በእግሩ መጥቶ በሩን ያንኳኳል። የሒሳቡ መምህር ገበያ መሃል ይፈተናል፣ የሥነ ዜጋው ደግሞ በገዛ ቤቱ። እኔ መካነ ሰላም ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር ሃያ ዓመት አልፎኛል። የኔው ፈተና እግር ስላልነበረው በሆዱ እየተሳበ መጣ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባለቤቴ አሰለፈች ማገዶ ልታመጣ ጓሮ ወጣችና ባዶ እጇን እየጮኸች ተመለሰች። ከካቡ ሥር፣ ከእንጨቱ ክምር አጠገብ፣ እባብ ተጠቅልሎ ፀሐይ ይሞቃል። ጓሮ ስላችሁ ማገዶ ብቻ ያለበት እንዳይመስላችሁ፤ ሽንት ቤቱም እዚያው ነው። ምስኪን፣ ለዚያች ለአሥር እርምጃ መንገድ በትር ይዛና እኔን አስቀድማ መሄድ ጀመረች። የልብስ ማስጫው ገመድ እንኳ ያስበረግጋት ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? አልሳቅሁባትም። እኔም ከፊት የምሄደው ጀግና ሆኜ አልነበረም።

መምህር አይደለህ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ ንገረኛ አለችኝ። እናንተዬ፣ እኔ እባብ የማውቀው በጠመኔ ስዬው ነው እኮ! መርዘኛው እፉኝት ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን ነው እያልሁ ስንቱን ተማሪ አስተምሬያለሁ፤ ማዕዘኑን ለማየት ምን ያህል መጠጋት እንደሚያስፈልግ ግን መጽሐፉ አይናገርም። በስልኬ ፎቶ አነሳሁና የእንስሳት ሐኪም ለሆነ የቀድሞ ተማሪዬ ላክሁለት። ወዲያው መለሰልኝ። መምህር፣ ያነሱት ድንጋይ ነው ይላል። ኔትወርኩ ይሆናል አልሁት።

በሁለተኛው ፎቶ ጭንቅላቱ ገባልኝ። ልጁ አጉልቶ አየና እፉኝት አይደለም፣ መርዝ የለውም፣ አይጥ እያደነ የሚኖር ነውና ባይነኩት ጥሩ ነው አለኝ። እኔም ይህን ምሥራች ደረቴን ነፍቼ ለአሰለፈች አበሠርኋት። እስክጨርስ ሰማችኝና ወይ እሱ ይሞታል ወይ እኔ ወረኢሉ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ ብላ አካፋውን በሩ ሥር አቆመችልኝ።

እዚህ ላይ ጭንቄን ተረዱልኝ። በፈተና ወረቀት ላይ «እባብ ጎጂ ስለሆነ መገደል አለበት» ብሎ የጻፈውን ተማሪ ሁሉ ሃያ ዓመት ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ስሰጥ ኖሬያለሁ። አሁን እኔው በአካፋ ብጨርሰው፣ ያንን ሁሉ ኤክስ ማን ያርምልኛል?

ከካቡ ማዶ የሚኖሩት ጎረቤታችን ሸህ ይማም ናቸው፤ የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን እያስነበቡ የሚያስቀሩ አዛውንት። ጭቅጭቃችንን ሰምተው አብሽሩ፣ አይዟችሁ እያሉ መጡ። ቤት የገባ እባብ ዝም ብሎ አይገደልም አሉን፤ መጀመሪያ ይነገረዋል፣ ሦስት ቀንም ይሰጠዋል። አሰለፈች፣ የኛ ቤት እኮ የክርስቲያን ነው፣ እርስዎን ይሰማዎታል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። እሱ ካብ ለካብ ሲሄድ የኛን ከናንተ መች ይለያል አሏት።

ከዚያ ወደ እንጨቱ ክምር ቀረብ አሉ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው በዓረብኛ ጥቂት ቁርኣን ቀሩ። አልሰማሁም እንዳይል መሰለኝ በአማርኛም ደገሙለት። «ይህ የሰው ቤት ነው። ሦስት ቀን ሰጥተንሃል። አታስቸግረን፣ አናስቸግርህም።» አሰለፈች ደግሞ ለማንኛውም ብላ ከላዩ ጠበል ረጨችበት። ከዚህ በላይ ሕጋዊ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ፍጡር በዚህ በኛ በቦረና ምድር ያለ አይመስለኝም።

ወጣ? የት ይወጣል! በማግሥቱም አራት ሰዓት ላይ ያችው ድንጋይ ላይ ተኝቷል። እኔም በመስኮት ሳየው ሳየው ለመድሁት፤ ቡናማ ጀርባው ፀሐይ ሲያርፍበት እንዴት ያምር መሰላችሁ! በሁለተኛው ቀን አይጥ በአፉ ይዞ ከክምሩ ወጣ። የመከላከያ ምስክር ትሁንለት ብዬ አሰለፈችን ጠራኋት፤ መስኮቱን ላዬ ላይ ዘጋችው።

በሦስተኛው ቀን ልብሷን በሻንጣ አጥፋ አገኘኋት። እንደሌላው ጊዜ አልተቆጣችም። «በገዛ ቤቴ እየፈራሁ መኖር ሰለቸኝ» አለችና አለቀሰች። ሃያ ዓመት ለእባብ ስከራከር ለሚስቴ ፍርሃት ግማሽ ማርክ እንኳ አለመስጠቴ ያን ጊዜ ገባኝ። አካፋውን ግን አላነሳሁም፤ ባልዲ አነሳሁ።

ሸህ ይማም ቢስሚላህ ብለው እባቡን በሁለት እንጨት ብድግ አድርገው ባልዲው ውስጥ ከተቱት። የሳይንስ ድርሻ ክዳኑን መያዝ ነበር። ከከተማው ወጣ ካለው ገደል አፋፍ ልለቀው ተሸክሜ ስሄድ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ያቆመኛል። በኛ አገር ሰላምታ አይቋረጥም፤ እንዴት ነህ፣ ቤት ሰላም፣ ልጆች ሰላም፣ ከብቱ ሰላም? አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እያልሁ፣ ክዳኑን በአገጬ ተጭኜ ደረስሁ። ስለቀው ዞር ብሎም አላየኝ። ደግ ሠራሁ ብዬ ቀለል ብሎኝ ተመለስሁ፤ አሰለፈችም ሻንጣዋን ፈታች።

ሁለት ሳምንት ሰላም ሆነ። ከዚያ አይጥ መጣ። መጀመሪያ የገብሱን ጆንያ ቀደደ፣ ቀጥሎ ሳሙናውን ጨረሰ፣ በመጨረሻ የአሰለፈችን የፋሲካ ነጠላ ጥለቱን በላው። ድመት የለንም፤ ከድስት ሥጋ ትሰርቃለች ብላ አሰለፈች ደጃችን አታስደርሳትም። እኔ አንድ ቃል አልተነፈስሁም። ትዳር ያቆየ ሰው መቼ ዝም እንደሚባል ያውቃል።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከጓሮ ድምፅ ሰማሁና በመስኮት ብቅ አልሁ። አሰለፈች ናት፤ ብቻዋን፣ በትር እንኳ ሳትይዝ። ያንን ጥለት አልባ ነጠላ እንዳጣፋች ከእንጨቱ ክምር ፊት ቆማ፣ ልክ እንደ ሸህ ይማም ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ይህ የሰው ቤት ነው» አለች። «ሦስት ቀን ሰጥቼሃለሁ። ካልተመለስህ በቦታህ ድመት እቀጥራለሁ።»