ድንቢጥ የዘጋችብን በር

ሰው ቤት ሊሠራ ሲነሣ ስንት ቢሮ ይመላለሳል! ድንቢጥ ግን ማንን ትጠይቃለች? እኔን ባለቤቱን እንኳ ያማከረኝ የለም።

ቤታችን ከአየር ጤና ትንሽ ገባ ብሎ ነው። የግቢያችን በር ብረት ነው፤ ከውጭ እጅ ማስገቢያ ቀዳዳ አለው። በቀዳዳው እጃችሁን ሰደድ አድርጋችሁ ከውስጥ ያለውን ጓጉንቸር ትከፍታላችሁ። በሩን የሠራልኝ በያጅ፣ ዝናብ እንዳይመታው ብሎ፣ ጓጉንቸሩን ክዳን ባለው የቆርቆሮ ሣጥን ሸፍኖልኛል። እኔ የጓጉንቸር መከለያ ነው ስል ድንቢጦቹ ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው አሉ። በጎኑ መግቢያ አለው፣ ጣሪያ አለው፣ ድመት አይደርስበትም። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?

በሦስት ቀን ሞሉት። ሣር፣ የማዳበሪያ ክር፣ የዶሮ ላባ፣ ከልጄ ከምሕረት ሹሩባ የወደቀ ዊግ ሳይቀር። ጓጉንቸሩ እዚያ ውስጥ ተቀበረ። እሱ ያመጣል፣ እሷ ታስተካክላለች። ወይም እሷ ታመጣለች፣ እሱ ያስተካክላል። የኛ አገር ድንቢጥ ባልና ሚስቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ራሳቸው ግራጫ፣ ጀርባቸው ቡኒ። ማን ማን እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው። ከዚያ ሦስት እንቁላል ተጣለ፤ ጠቃጠቆ ያለበት፣ የአውራ ጣቴን ጫፍ የማያህል።

ባለቤቴ ወለላ እንቁላሉን ያየች ዕለት አዋጅ አወጣች። ጓጉንቸሩን የነካ ከእሷ ጋር ተጣልቷል። ታዲያ በየት እንውጣ ብላት፣ በእትዬ ዘነበች በኩል አለችኝ። ከእትዬ ዘነበች ጋር የምንጋራው አጥር አንድ ቆርቆሮው ላላ ያለ ነው። ገፋ አድርገን፣ ጎንበስ ብለን፣ በጓሯቸው አልፈን መንገድ እንወጣለን። እትዬ ዘነበችም ደስ አላቸው። ለካ እኛ ቤት ማን መቼ እንደሚወጣና እንደሚገባ ማወቅ ሲፈልጉ ኖረዋል!

እኔ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ቦርጭም አለኝ። በዚያ አጥር ስምንት ቀን ተመላለስኩ። አልዋሻችሁም፣ ደስ ይለኝ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ሽማግሌ መጣ።

ምሕረትና ብሩክ የሚባለው ልጅ ከተዋደዱ አራት ዓመታቸው ነው። ብሩክን እወደዋለሁ፤ ዛሬ ይውሰዳት ቢባል ሻንጣዋን የምሸከመው እኔ ነኝ። ግን የሴት ልጅ አባት መጀመሪያ ተጠይቆ እሺ ይላል እንዴ? ዘመድ እናማክር፣ እናስብበት ብሎ ይመልሳል እንጂ። ሽማግሌ እንደሚመጣ ጭምጭምታ ስለሰማሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ መስተዋት ፊት ቆሜ ግንባር መቋጠር ተለማምጃለሁ።

ሦስት ሽማግሌዎች አንኳኩ። መሪያቸው የብሩክ ትልቅ አጎት፣ ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ባለ ሙሉ ልብስ፣ ባለ ባርኔጣ፣ ባለ ከዘራ። ከውስጥ ሆኜ በሩ አይከፈትም፣ በጎረቤት ዙሩ ስላቸው ማጉረምረም ጀመሩ። ልጅ ሊጠይቁ መጥተው በር አልከፍትም ያለ አባት ገጥሟቸው አያውቅማ! ጋሽ ወልዴ፣ "ይኼ መልስ መሆኑ ነው?" ሲሉ ሰማሁ። ምሕረት ጓዳ ውስጥ ደርቃ ቀረች። እኔ ሮጬ በአጥሩ ወጣሁና እየመራሁ አስገባኋቸው። ከዘራው ቀደመ፣ ባርኔጣው ተከተለ፣ በመጨረሻ ጋሽ ወልዴ ገቡ።

እንዳይቀየሙኝ ብዬ የሣጥኑን ክዳን ገርበብ አድርጌ ጎጆውን አሳየኋቸው። ጥፋቴ ይኼ ነው።

የጋሽ ወልዴ ፊት በራ። የምታቅፈው ሴቷ ብቻ ናት አሉ። ሁለተኛው ሽማግሌ፣ አይደለም፣ ተራ በተራ ነው አሉ። ሦስተኛው ደግሞ፣ አሁን የገባው ወንዱ ነው፣ አገባቡ ያስታውቃል አሉ። ወንበር አወጣንላቸው፤ ወደ በሩ አዞሩት። በወጉ ቢሆን ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት እህል አይቀምስም። እነሱ ግን ወለላ ያቀረበችውን ዳቦ ግማሹን በሉ፣ ግማሹን ለድንቢጦቹ ፈረፈሩ። አንዷ ወጥታ ሌላዋ ስትገባ ሦስቱም አንድ ላይ፣ "አየህ! አየህ!" ይላሉ። እኔ ግንባሬን ቋጥሬ እጠብቃለሁ። ግንባር ለካ ይደክማል።

"እንዲያው... በደህና ነው የመጣችሁት?" አልኩ።

"በደህና ነው፣ በደህና" አሉኝ ጋሽ ወልዴ፣ ዓይናቸውን ከሣጥኑ ሳይነቅሉ።

ከዚህ በላይ ምን ልበል? ልጄን ውሰዱልኝ ልበል?

በመጨረሻ ተነሥተው መረቁ። "ይፈልፈሉ፣ ይደጉ፣ ክንፍ ያውጡ!" አሜን አልን። በአጥሩ ሾልከው ሄዱ። ስለ ምሕረት አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ!

ምሕረት ከጓዳ ወጣች። "አባዬ፣ ምን አሉ?"

"ሦስቱም ይፈለፈላሉ አሉ" አልኳት።

መሳቅ ጀመረችና መሀል ላይ እንባዋ መጣ። ያን ጊዜ በራሴ አፈርኩ። ልጄ አራት ዓመት ስትጠብቅ እኔ ግንባር ስለማመድ!

ገና ሳንቀመጥ ከውጭ የሩጫ ኮቴ ሰማን። ለካ ብሩክ ታክሲ ተራው ጋ ቆሞ ሲጠብቅ ኖሮ፣ "ምን አሏችሁ?" ሲላቸው ነው ጉዳያቸው ትዝ ያላቸው። በጥድፊያው የእትዬ ዘነበችን ጓሮም ረስተውታል። በቀጥታ ወደ በራችን መጡ። እጅ ደግሞ በር ላይ ሲደርስ ባለቤቱን አያማክርም። የጋሽ ወልዴ ጣቶች በቀዳዳው ብቅ ሲሉ፣ ገርበብ ብሎ በቀረው ክዳን በኩል አየሁ። ድንቢጧ ውስጥ ሆና ጮኸች።

"ልጅዎን ለልጃችን..." ይላሉ ጋሽ ወልዴ እያለከለኩ፣ እጃቸው ወደ ጎጆው እየጠለቀ።

"ሰጥቻለሁ!" ብዬ ጮህኩ። "ሰጥቻለሁ፣ እጅዎን ያውጡ!"

እጁ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወጣ። እትዬ ዘነበች ከአጥሩ ማዶ እልልታውን አቀለጡት። ምሕረት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ወለላ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም። ልጃችንን ያለ ምንም ማንገራገር ስለሰጠሁ እንዳይመስላችሁ። "እንደዚያ ስትጮህ፣ እናቲቱ ደንግጣ እንቁላሎቿን ጥላ ብትሄድ ኖሮስ?" ነው የምትለኝ።