ባዶ የመሰለው ሁለተኛ ገጽ

ኮምፒውተር አይዋሽም የሚል ሰው ኖታ ጽፎበት አያውቅም። የእኔ የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም አንድ ክፉ አመል አለው። ከመሃል አንድ መስመር ስትጨምሩበት የዜማው ጅራት ወደሚቀጥለው ገጽ ይገፋል፤ ስክሪኑ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ገጾቹን በቀድሞ መልካቸው ያሳያችኋል። ካልነካካችሁት አይታደስም። ከሚሴ ላይ ሙዚቃ የማስተምር ሰው፣ አመሉን እያወቅሁ መታለሌ አይገርምም?

ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ በከተማችን ብዙ ሙሽሮችን በድምፃቸው የሸኙ ሴት ናቸው። ድምፃቸው ሻክሮ ደሴ ላይ የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ታዘዘላቸው። ከመሄዳቸው በፊት አስጠሩኝ። የመጨረሻ ልጃቸው የሉባባ ሰርግ ደርሷል፤ ድምፃቸው ባይመለስ ከእናታቸው የወረሱት የሙሽራ መሸኛ ዜማ አብሯቸው ጠፍቶ እንዳይቀር ፈርተዋል። በስልክ ልቅዳው ብላቸው፣ “ይሄን የሻከረ ድምፅ ለልጆቼ ልተው? ወላሂ አይሆንም! ዜማዬን ጻፍ፣ ድምፄን ተወው” አሉ።

ጻፍኩ። በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር፤ ከኖታው ሥር ግጥሙን ስጨምር የመጨረሻው ስንኝ ወደ ሁለተኛው ገጽ ወረደ። ስክሪኑ ግን ገጹን ባዶ አድርጎ አሳየኝ። ባዶ ገጽ ምን ያደርግልኛል? አጠፋሁት፣ አስቀመጥኩ፣ ዘጋሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ አፍስሼ የምለቅመው እንኳ አልነበረኝም። በወረቀት ሳትመው ነው ዜማው የሙሽራዋ ምርቃት መሃል ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው።

ይህን ሳውቅ እትዬ ዘይነባ ከደሴ ተመልሰዋል፤ ሐኪሙ ሁለት ሳምንት ትንፍሽ እንዳይሉ አዟቸዋል። ጥፋቴን ልናዘዝ ስሄድ ከሉባባ ጋር ግቢ ውስጥ ማሽላ ይለቅማሉ። ነገርኳቸው። ከሰፌዱ ቀና ብለው አዩኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በጣቶቻቸው ሰፌዱን ይመቱ ጀመር። ቀስ ብለው፣ በዜማው ምት። “የኡሚን ዘፈን እኔ የት አውቄው” ስትል የኖረችው ሉባባ፣ አንገቷን እንደ ደፋች አፏን ከፈተች፦

“ሂጂ ልጄ ሂጂ፣ ቦርከናን ተሻገሪ፣
በሄድሽበት ደጃፍ በሰላም ኑሪ።”

ደብተሬን አውጥቼ እየተሯሯጥኩ እከተላታለሁ። “ኑሪ” ላይ ስትደርስ ዓይኗን ጨፍና ድምፁን ጎተተችው፤ ጎተተችው...

“ሂንዴሬሲን! አታስረዝሚው!”

መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ የወጣ ቁጣ! ሦስታችንም ደነገጥን። እትዬ ዘይነባ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የሐኪም ትእዛዝ የጠበቁትን ሴት፣ አንዲት የረዘመች ኖታ አሸነፈቻቸው! ግን ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፤ መሻከሩ የለም። ሉባባ “ኡሚ! ኡሚ!” እያለች አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ልቅሶዋና ሳቋ ተደባለቀብኝ። እሳቸው ግን በአንድ እጃቸው አፋቸውን እንደ ያዙ በሌላው ወደ ደብተሬ ጠቆሙ፤ ጻፍ እንጂ ማለታቸው ነው።

ጻፍኩ። ሙዚቀኛ ከኖታው በላይ “በቀስታ”፣ “በለስላሳው” እያለ ይጽፍ የለ? እኔም “ኑሪ” ከሚለው ቃል በላይ እንዲህ ብዬ አሰፈርኩ፦ “እዚህ ላይ እናት ትቆጣለች።”