ድሃ ነኝ ለማለት ሞጣ ድረስ

ድሃ መሆን ቀላል ነው፤ ማንም ይችለዋል። ድሃ ነኝ ብሎ መናገሩ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እኔ አልቻልኩበትም፤ አባቴማ ከእኔም የባሱ ነበሩ። ይህን ያነሳብኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ለኮሌጅ ትምህርት ከመንግሥት ድጋፍ ልጠይቅ ነውና ምን ብዬ ላመልክት ብሎ ሰሞኑን ቢያማክረኝ ሳቄ አመለጠኝ። በዚህ ነገር እኔን የሚያማክር ሰው ምን ያህል ቢቸግረው ነው?

ዘመኑ የደርግ ነው። ቢቸና አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ማትሪክ ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ። ጥሩ መሆኑን እኔው ራሴ ስነግረው ስለምውል ከተማው ሰልችቶት ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ማስታወቂያ ተለጠፈ። ወዳጅ የሶሻሊስት አገሮች የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጥተዋል፤ ወጪው ሁሉ በመንግሥት ይሸፈናል፤ ቅድሚያ ለጭቁን ገበሬ ልጆች ነው ይላል። በመጀመሪያ ከቢቸና ኮሚቴ መጥቶ የአመልካቹን ቤትና ኑሮ ያያል። ከዚያ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሰዎች ሞጣ ላይ ተቀምጠው የመጨረሻዎቹን ይመርጣሉ።

ጭቁን ከተፈለገ እኛን የሚያህል ከየት ይመጣል? ቤታችን ከቢቸና ወጣ ብሎ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ጠዋት የደብሩን ልጆች ዳዊት ያስደግማሉ፣ ከዚያ ያርሳሉ። ያለን አንድ በሬ ነው። እሱንም ከጎረቤታችን ከአያ ታከለ በሬ ጋር አቀናጅተው ነው የሚያርሱበት። እንግዲህ ዝም ብዬ ብቀመጥ ኖሮ ድህነታችን ራሱ በቂ ነበር። እኔ ግን የተማርኩ ነኝ፤ የተማረ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ መቼ ይወዳል? በእውነተኛው ድህነታችን አልተማመንኩበትምና ሌላ ልጨምርበት ተነሳሁ።

አጎቴ የሰጠኝን ኮት ለጓደኛዬ ሰጥቼ ክርኑ የተቀደደ ሹራቡን ወሰድኩ። ፀጉሬን ማበጠር ተውኩ። ስሄድ ትከሻዬን ጎበጥ፣ አንገቴን ደፋ ማድረግ ለመድኩ። በገበያ ያገኘችኝ የክፍሌ ልጅ፣ እውነቱን ለመናገር ብታየኝ ደስ የሚለኝ ልጅ፣ “ምነው፣ ወባ ያዘህ እንዴ?” አለችኝ። አንድ እሑድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ተደግፌ ቆሜ ሳለሁ አንዲት አሮጊት “ስለ ማርያም” እያሉ ቁራሽ ዳቦ ዘረጉልኝ። ምን ላድርግ? ተቀበልኩ። እንዲያውም ልምምዱ ሠራ ብዬ ደስ አለኝ። ዳቦውም ጥሩ ነበር።

ለአባቴ ግን አልነገርኳቸውም። “ድሃ” የሚለው ቃል በቤታችን አይነሳም። እንጀራ ባነሰን ቀን እንኳን “ዛሬ ቀለል አድርገን እንብላ” ነበር የሚሉት። ስለዚህ “አባባ፣ ለባሕር ማዶው ትምህርት ጉዳይ ቤታችንን ሊያዩ ከቢቸና ሰዎች ይመጣሉ” ብቻ አልኳቸው። “መልካም፣ ይምጡ” አሉ። እኔም የተገላገልኩ መሰለኝ።

ሰዎቹ በሚመጡበት ቀን ከቢቸና ስመለስ ቤታችን ጠፋብኝ። እውነቴን ነው፤ አልፌው ሄጄ ነበር። በራፉ ላይ ሦስት ላሞች ታስረዋል። ውስጡ መደቡ በምንጣፍ ተሸፍኗል፣ ግድግዳው ላይ አዲስ ቡሉኮ ተንጠልጥሏል። ለዓመት በዓል ያሰብነው በግ ታርዶ ወጡ ይንተከተካል። አባቴ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው መሐል ቤት ቆመዋል።

“አባባ፣ ይህ ሁሉ ከየት መጣ?” አልኩ።

“ላሞቹ የአያ ታከለ ናቸው። ምንጣፉ የደብሩ ነው፤ ነገ ይመለሳል። አንተ ደግሞ ምን ሆነሃል? ይህን ቡትቶ አውልቅ! ልጁን ባሕር ማዶ ልላክ ብሎ መንግሥት ሰው ሲልክ የማን ልጅ እንደሆነ ሊያይ አይደለም? የሰው ቤት መሆኑን ይዩ!”

ላስረዳቸው አፌን ስከፍት ኮሚቴው ደረሰ። ዋናው ጓድ አለምነው የሚባል፣ ካኪ የለበሰ፣ ጥርሱን የማያሳይ ሰው ነው። አባቴ ጓድ ማለቱ ስላነሰባቸው “ጓድ ጌታዬ” እያሉ ከላይ አስቀመጡት። በላ። ጠጣ። በመጨረሻ ወደ በራፉ እያየ “መሪጌታ፣ ላሞቹ የማን ናቸው?” አለ።

“የቤቱ ናቸው” አሉ አባቴ።

ሳል ያዘኝ። ጓድ አለምነው ውሃ እንዲሰጡኝ አዘዘ። ይህን ጊዜ ጥጆቻቸውን ያሰቡት ላሞች የላላውን ገመድ ፈትተው ተከታትለው ወደ አያ ታከለ ግቢ ገቡ። አባቴ ሳይደነግጡ “እዚያ ነው የምናልባቸው፤ እዚያ ነፋሻ ነው” አሉ።

እንግዶቹ ሲሰናበቱ ጓድ አለምነው የአባቴን እጅ ጨብጦ፣ “ቤትዎ ሙሉ ነው መሪጌታ፣ ደስ ይላል። ይህ ዕድል ግን ለድሃ ልጅ ነው። የእርስዎ ልጅ በራሱ መማር ይችላል” አለና ሄደ።

አባቴ በራፉ ላይ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነው።”

“እቆጣ ነበር” አሉ። ጥምጥማቸውን ፈተው ምንጣፉን መጠቅለል ጀመሩ። እኔም በሌላው ጫፍ ይዤ አገዝኳቸው። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ በእሳቸው ሳይሆን በቡትቶዬ።

በማግስቱ “ተነስ፣ ሞጣ እንሄዳለን። አቤት እንላለን” አሉኝ። እህል የጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና አግኝተን ጆንያው ላይ ወጣን። መንገዱ ያነጥረናል፣ አቧራው ጥምጥማቸውን አጎደፈው። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ውዳሴ ማርያም የሚደግሙ መስሎኝ ጠጋ ስል “ድሃ ነኝ… እኔ ድሃ ነኝ…” ይላሉ። እየተለማመዱ ነበር። ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርኩ።

መንገድ ላይ ጉንደ ወይን ከተማ መኪናው ሲቆም “ይህ ጭቁን የምትሉት ምንድን ነው?” ብለው ጠየቁኝ።

“የተጨቆነ ማለት ነው፣ አባባ።”

“ማን ነው የጨቆነኝ?”

“ፊውዳሉ ይበሉ።”

“ስሙ ማን ነው?”

“ስም የለውም፤ ፊውዳሉ ብቻ ይበሉ።”

“የማላውቀውን ሰው አላማም” አሉ። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

ሞጣ ስንደርስ ከአዲስ አበባ የመጡት ሰዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረገች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። አቤቱታችሁ ምንድን ነው አለች። አባቴ ተነሱ። ማኅሌት ሲመሩ ደብሩን የሚሞላው ድምፃቸው ያን ቀን አልወጣ አለ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“እኔ ድሃ ነኝ” አሉ።

ወደ ሰብሳቢዋ እያዩ ቀጠሉ።

“ቢቸና ያሉት ሰዎች አልዋሹም፤ ያሳየኋቸውን ነው የጻፉት። ላሞቹ የጎረቤት ናቸው፣ ምንጣፉ የቤተ ክርስቲያን ነው። የእኔ አንድ በሬ ነው። ልጄ ሲሰማ ድሃ ነኝ ስል ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያፈርኩት እኔ ነኝ፤ ቅጣቱ ለእሱ አይሁን።”

ተቀመጡ። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “ጥሩ፤ ድህነቱን አምነናል” አለች፤ “አንተስ፣ ምን መማር ነው የምትፈልገው?”

ወገኖቼ! ስለ ድህነት ቢጠይቁኝ እስኪመሽ እናገር ነበር። ትከሻዬን፣ ፀጉሬን፣ ሹራቤን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። ምን መማር እንደምፈልግ ግን ለአፍታ እንኳን አላሰብኩበትም።

“እኛ ቤት አንድ በሬ ብቻ ነው ያለው” አልኳት።

“ሰምተናል። ትምህርቱን ነው የጠየቅኩህ።”

“እሱም… ቀንበር አቁስሎታል።”

ሴትዮዋ አንገቷን እየነቀነቀች ጻፈች። “የእንስሳት ሕክምና። ጎበዝ፣ ከራሱ ችግር የተነሳ ወጣት ነው፤ አልፏል” አለች ለጓደኞቿ። አይደለም ለማለት ድፍረቱ ከየት ይምጣ? አውቃ የታደገችኝ ትሁን፣ ወይስ የምሯን፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ብቻ እኔ፣ ላም ስትፈራገጥ አጥር የምዘል ሰው፣ በመንግሥት ወጪ ባሕር ማዶ ሄጄ የእንስሳት ሐኪም ሆንኩ፤ ጡረታ እስክወጣም የኖርኩት በእሱ ነው።

አባቴ “ድሃ ነኝ” ካሉ በኋላ የተባለውን ልብ ብለው አልሰሙም ነበርና፣ ከአዳራሹ እንደወጣን አስረዳኋቸው። ማለፌን ሲሰሙ አማተቡ፣ ግንባሬን ሳሙኝ። ትንሽ እንደሄድን ግን ቆም አሉ።

“ምኑን ነው የምትማረው ያልከኝ?”

“የከብት ሕክምና።”

“የከብት?” አሉ አባቴ፣ የጥምጥማቸውን አቧራ እያራገፉ። “ይህንንማ ለሀብታም ልጅ መስጠት ነበረባቸው። ከብቱ ያለው እሱ ዘንድ አይደለም እንዴ?”