የኮሸሽላዎቹ ዳኛ

በየሰፈሩ የሰውን ስሕተት ካላረመ የበላው የማይፈጭለት አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ የዝናብ ሊቅ ነው፣ ሌላው የመድኃኒት። ልብስ ሰፊዋን የገጠሟት ግን የእሾህ ሊቅ ናቸው። ግድግዳ የሚጋሯት አሮጊት፣ "ኮሸሽላ" የሚል ቃል ከማንም አፍ ካመለጠ፣ ታመው ከተኙበትም ቢሆን ተነሥተው ይመጣሉ።

"የትኛው ኮሸሽላ? የኛው ነው መጤው?"

በዚህ የተነሣ ሰፈሩ "ክብርት ዳኛ" ብሎ ሾማቸው። ሹመቱ ለቀልድ ነበር፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ተቀበሉት።

ዳኛ ችሎት የማያስችሉበት ቦታ የለም። ሐኪም ቤት ወረፋ ይዘው ሳሉ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የኮሸሽላ አበባ ሥዕል አይተው፣ "ይሄ ሠዓሊ ዋሽቷል" እያሉ ሲከራከሩ ተራቸው አለፈ። የጎረቤት ሙሽራ የያዘችውን እቅፍ አበባ ገልብጠው፣ ቅጠሉን ከሥር መርምረው ነው የመረቋት።

ፍርዳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። "ፊቱን ተይው፤ ፊትማ ሁሉም አለው። ቅጠሉን ገልብጪና ሆዱን ዳብሺው። የኛው ከሥር ነጭ ሱፍ ለብሷል፣ ግንዱም ልሙጥ ነው። መጤው ሆዱ ራቁቱን ነው፣ እሾሁም ግንዱን ይዞ እንደ ክንፍ ይወርዳል።"

"እትዬ፣ ሁለቱም ይወጉ የለ እንዴ?" ትላቸዋለች ልብስ ሰፊዋ።

"ይወጋሉ። ዘመድስ ይወጋ የለ? ዘመድነቱ ይቀራል እንዴ?"

ታዲያ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ያለው ሜዳ ከመጤው ኮሸሽላ ሊጸዳ ሆነ። የአጫጆቹ አለቃ ደጃቸው ድረስ መጣ።

"እማማ፣ የሚቀሩት ላይ ቀይ ክር ይቋጥሩባቸው። ክር የሌለበትን እንቆርጣለን። ግን ዓይንዎ ደክሟል ሲሉ ሰምቻለሁ። አንዲት ስሕተት ካገኘሁ ሜዳውን እንዳለ በማሽን ጠርጌው ነው የምሄደው።"

"የራስህ ዓይን ይድከም!" አሉት።

ክር ሊወስዱ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሲመጡ ግን እጃቸው የተዘረጋው ወደ አረንጓዴው ነበር። ልብስ ሰፊዋ ቀዩን አንሥታ አቀበለቻቸው።

በነጋታው ጠዋት አብራቸው ወጣች። ሜዳውን ጉም ውጦታል። ኮሸሽላዎቹ ሰው ያህላሉ፤ ራሳቸውን ደፍተው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ስማቸው እስኪጠራ የሚጠብቁ ይመስል ቆመዋል። ነፋስ የለም፤ ቢሆንም ወዲያ ማዶ አንዳንዱ ይነቀነቃል። ዳኛ ከመካከላቸው ገብተው ሰላምታ ይሰጣሉ። "ደህና አደርሽ? አንተ ደግሞ ከየት መጣህ፣ ሌባ!" ድምፃቸው አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ ይመጣል። መልስ የሚሰሙ ይመስል፣ መካከል ላይ ዝም ይላሉ።

ልብስ ሰፊዋ ከኋላ እየተከተለች ክር የታሰረበትን ሁሉ ገለበጠች። ሱፍ። ያልታሰረበትን ገለበጠች። ራቁት። አንድም ስሕተት የለም። ይሄ ስሕተት ከማግኘት ይበልጥ አስፈራት።

ያዩ እንደሆነ ልወቅ ብላ ቀድማቸው ሄደች፤ የሱፍ ሻርፗን ተከናንባ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ መንገዳቸው ላይ ቆመች።

ዳኛ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። ዓይናቸው እንደተከፈተ ፊቷ ላይ አረፈ፤ ከዚያም ፊት እንደሌለ ሁሉ አልፏት ሄደ። እጃቸው ግን ተነሣ። የሻርፗን ጫፍ አገኘ፣ ገለበጠው፣ ከሥር ዳበሰው።

"ሱፍ" አሉ በሹክሹክታ።

ቀዝቃዛ ጣቶቻቸው ክንዷን ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ።

"ልሙጥ። አይዞሽ፣ የኛዋ ነሽ። ማንም አይቆርጥሽም።"

አንጓዋ ላይ ክሩን ጠበቅ አድርገው ቋጠሩት። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ወደ ባዶው ጉም ተጣሩ።

"አንቺ ልብስ ሰፊ! የት ቀረሽ? ክር አለቀብኝ እኮ!"

ክሩን ሳትፈታ ተከተለቻቸው።

"አለሁ፣ እትዬ። ከኋላዎ ነኝ።"

ጉሙ ሲሳሳ አለቃው አጫጆቹን አስከትሎ ደረሰና ልብስ ሰፊዋን ወደ ጎን ጠራት።

"እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፣ እህቴ። ክር የማይገባው ነገር ላይ አስረዋል?"

እጅጌዋን ስባ አንጓዋን ሸፈነች።

"አንድም አልሳቱም" አለችው። ውሸትም አልመሰላት።